ለጽጌረዳ በግራም፣ ለጤፍ በግምት

በባቱም ሆነ በባሕር ዳር ዙሪያ ባሉ የአበባ እርሻዎች አንዲት የጽጌረዳ ግንድ ዛሬ ጠዋት ስንት ናይትሮጅን፣ ስንት ፖታሺየም፣ ስንት ብረት እንደጠጣች በቁጥር የሚነግርህ ባለሙያ አለ። ሚዛን አለው። በውሃው የሟሟውን ጨው የሚለካበት አለው፤ ኮምጣጣነቱን የሚያይበትም አለው። ቁጥሩ ከተዛባ ውሃውን ያስቆማል። ምሥራቅ ጎጃም፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ሂድና በጉንደ ወይን ዙሪያ ካለው የጤፍ ማሳ ዳር ቆመህ፣ ይህ መሬት የጎደለው ምንድን ነው ብለህ ጠይቅ። የሚመልስልህ አታገኝም። አበባው አውሮፓ ገብቶ በሳምንቱ ይጣላል፤ ጤፉ የእኛ እንጀራ ነው። ለሚሸተተው የሚለካ፣ ለሚበላው የሚገምት አገር ነን። ይህ ነውር ነው፤ ነውርነቱንም ሳላለሳልስ እጽፈዋለሁ።

መለካት ምን ማለት እንደሆነ እኔን ያስተማረኝ የአበባ እርሻም የግብርና ቢሮም አይደለም። አዲስ አበባ ቤቴ ውስጥ ዕፅዋት የተተከሉበት የብርጭቆ የዓሣ ገንዳ አለኝ። ውሃ ውስጥ የሚበቅል ተክልም እንደ ማሳ አዝመራ ይርበዋል። ናይትሮጅን ሲያጣ አሮጌው ቅጠል ይገረጣል፣ ፖታሺየም ሲያጣ ቅጠሉ ይበሳሳል፣ ብረት ሲያጣ አዲሱ እምቡጥ ይነጣል። በጠርሙስ ተሞልቶ የሚሸጠው የገንዳ ማዳበሪያ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ገዢው የሚከፍለው ለውሃና ለማሸጊያ ነው። ስለዚህ ነገሩ የገባቸው ሰዎች ጨዎቹን በደረቁ፣ እያንዳንዱን ለብቻው ይገዛሉ፦ ፖታሺየም ናይትሬት፣ ሞኖፖታሺየም ፎስፌት፣ ፖታሺየም ሰልፌት፣ ማግኒዚየም ሰልፌት፣ ከዚያም ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ ዚንክና ቦሮን ያለበት የጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ዱቄት። ፖል ሲርስና ኬቪን ኮንሊን የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ይህን የአቀማመም ዘዴ ሲያሰራጩ የድሃ ሰው ጠብታ ብለው ነበር የጠሩት። ድሃው ራሱ መዝኖ ራሱ ይቀምም ነው ነገሩ።

ሒሳቡ የሚደበቅ ነገር የለውም። አንድ ግራም ፖታሺየም ናይትሬት በ100 ሊትር ውሃ ውስጥ ናይትሬቱን በሊትር 6 ሚሊግራም ያህል ያሳድገዋል። አንድ ግራም ሞኖፖታሺየም ፎስፌት ፎስፌቱን በ7 ሚሊግራም ያሳድገዋል። ተክሉ ፎስፌት ካልጎደለው ፎስፌት አይጨመርለትም፤ ፖታሺየም ብቻ ከጎደለው ፖታሺየም ብቻ ይሰጠዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው የወርቅ ቤት ዓይነት ትንሽ ሚዛን፣ ደረቅ ማንኪያና ትዕግሥት ነው።

አንድ የማይጣስ ሕግ ግን አለ። ፎስፌቱንና ጥቃቅኑን ንጥረ ነገር በአንድ ጠርሙስ አትበጠብጥም። ብረትና ፎስፌት ሳይቀጥኑ ሲገናኙ ይያያዛሉ፤ ውሃው ይደፈርሳል፣ ከሥሩ አተላ ይዘቅጣል። ገንዘብህ ጠርሙሱ ውስጥ አለ፤ ተክሉ ግን አንዱንም አያገኝም። የአበባ እርሻዎቹም ይህን አሳምረው ያውቁታል። ሁለት በርሜል የሚያቆሙት ለዚህ ነው፦ በአንዱ ካልሲየም ናይትሬትና ብረት፣ በሌላው ፎስፌትና ሰልፌት። ሳይቀጥኑ ፊት ለፊት አያገናኟቸውም፤ የሚገናኙት በብዙ ውሃ ከቀጠኑ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጎጃም ቀይ አፈር እንመለስ። ከጮቄ ተራራ በሚወርደው ዳገት ላይ ዝናብ ለዘመናት ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ወደ ዓባይ ወስዶታል። የቀረው አፈር ኮምጣጣ ነው። የአፈሩ ፒኤች፣ ማለትም የኮምጣጣነቱ መለኪያ፣ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟል፤ ሥር ያቃጥላል፣ ያኮላሻል። ያው አሉሚኒየምና ብረት ገበሬው በብድር ገዝቶ የበተነውን ፎስፌት ጥርቅም አድርገው ይይዙታል። በጠርሙስ ውስጥ የሚሆነው ሁሉ በማሳው ላይ ይሆናል፤ ልዩነቱ ጠርሙሱን ደፍተህ ሌላ መበጥበጥ ትችላለህ፣ ማሳውን ግን አትደፋውም። ከአገሪቱ የሚታረስ መሬት 43 በመቶው በኮምጣጣነት የተጎዳ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ በእጅጉ የኮመጠጠ ነው። ገበሬው "መሬቱ ማዳበሪያ ለምዷል" ሲል ሰምታችሁ ከሆነ፣ እያለ ያለው ይህንን ነው። ያየውን ነው የሚናገረው፤ በየዓመቱ ይጨምራል፣ ምርቱ ግን አይጨምርም።

ታዲያ ምን ተሰጠው? ለአሥርት ዓመታት ከሞያሌ እስከ ሁመራ፣ ለዋልካውም ለቀዩም፣ ለጤፉም ለስንዴውም አንድ ምክር ነበር፦ ለሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ። ሲሰላ 64 ኪሎ ናይትሮጅንና 46 ኪሎ ፎስፌት ነው። ፖታሺየም የለበትም፣ ድኝ የለበትም፣ ዚንክ የለበትም። የኢትዮጵያ አፈር ፖታሺየም ሞልቶታል የሚለው አሮጌ ጥናት እንደ ቀኖና ተይዞ ማንም ሳይጠይቀው ኖረ። ጀርመናዊው ሊቢግ አዝመራን የሚወስነው ከሁሉም በላይ የጎደለው ንጥረ ነገር ነው የሚለውን ሐሳብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለዓለም አሳውቆት ነበር። የጎደለው ድኝ ከሆነ ዩሪያ ብትቆልልበት ምርት አይመጣም። ጤፉ ይለመልማል፣ ቁመቱ ያምራል፤ መስከረም ላይ ዝናብና ነፋስ ሲመጣ ይጋሸባል።

በ2004 ዓ.ም. በግብርና ሚኒስቴርና በያኔው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የተጀመረውን የአፈር ካርታ ሥራ፣ ኢትዮሲስን፣ እኔ በደስታ ከተቀበሉት ነበርኩ። አፈር ተቆፍሮ ተወሰደ፣ ተመረመረ፣ ካርታ ወጣ። ድኝ፣ ቦሮን፣ ዚንክና ፖታሺየም የጎደለበት ቦታ ብዙ መሆኑ ታወቀ። አምስት የማዳበሪያ መቀላቀያ ፋብሪካዎች በቱሉ ቦሎ፣ በነቀምቴ፣ በመቀሌ፣ በወራቤና በባሕር ዳር በኅብረት ሥራ ዩኒየኖች እጅ ተቋቋሙ፤ የባሕር ዳሩ የመርከብ ዩኒየን ነው። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ለየአካባቢው አፈር እዚሁ ይቀመማል ተባለ። ለመቀላቀያው የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ግን በዶላር የሚገባ ነው፤ ተስፋው እንደታሰበው አልሆነም። ገበሬው ዘንድ የደረሰው ባሕር ማዶ ተደባልቆ የተሰፋ ከረጢት ነው። ፊት አንድ ከረጢት ለሁሉም ነበር፤ አሁን ሌላ አንድ ከረጢት ለሁሉም ሆነ።

ከረጢቱን እንፍታው። ዳፕ በ100 ኪሎ 46 ኪሎ ፎስፌት ነበረው። የተካው ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ 38 ኪሎ ነው ያለው። ገበሬው እንደ ልማዱ ያንኑ አንድ ኩንታል ሲበትን ፎስፌቱ በ17 በመቶ ቀነሰበት። ይህን ለገበሬው ቁጭ ብሎ ያስረዳው ማን ነው? 7 ኪሎ ድኝ ስለተጨመረ ተመስገን ልንል እንችላለን፤ ግን የተቀነሰውን የሚናገር ሰው ነበረብን። ቦሮን የተጨመረበትን ደግሞ ተመልከቱ። ቦሮኑ በመቶ 0.1 ነው። ከአንድ ኩንታል 100 ግራም ቦሮን፣ ለአንድ ሄክታር። ለአንድ ጥማድ 25 ግራም ማለት ነው። በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ መቶኛ ግራም ይደርሳል። የተለያየ መጠን ካላቸው ፍሬዎች የተደባለቀ ማዳበሪያ ከሆነ ደግሞ መኪና ላይ ሲንገጫገጭ ትልቁ ፍሬ ከትንሹ ይለያል፤ አንዱ እፍኝ ቦሮን ይኖረዋል፣ ሌላው አይኖረውም። የአገራችን ተመራማሪዎች አንዱን ንጥረ ነገር እያጎደሉ በሠሯቸው ሙከራዎች ደጋግመው ያዩት፣ በብዙው ቦታ ምርቱን የያዙት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ መሆናቸውን ነው። በብዙ ማሳ ቦሮኑና ዚንኩ ለውጥ አላሳዩም። ባላስፈለገበት ማሳ ቦሮን የገዛ ገበሬ ገንዘቡን ተቀምቷል። ባስፈለገበት ማሳ በካሬ ሜትር አንድ መቶኛ ግራም ያገኘውም ተታሏል።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ለይታችሁ ሽጡልን! ዩሪያውን ለብቻ፣ ፎስፌቱን ለብቻ፣ ፖታሹን ለብቻ፣ ድኙን ለብቻ፣ ቦሮኑንና ዚንኩን በትንሽ ፓኬት። ከእያንዳንዱ ጎን ምን ያህል በጥማድ እንደሚያስፈልግ የሚናገር የማሳው የአፈር ምርመራ ወረቀት ይኑር። በጥማድ ይሁን፤ ገበሬው ሄክታር የለውም፣ ጥማድ ነው ያለው።

ይህን በተናገርኩ ቁጥር የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። ገበሬው መቀላቀል አይችልም ይሉኛል። አይችልም? ይኸው ገበሬ ቱፎርዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት በቆርኪ እየለካ ለ15 ሊትር ፓምፕ የሚበቃውን የሚያዘጋጅ ነው። መጠኑን ካበዛ ጤፉ እንደሚቃጠል፣ ካሳነሰ አረሙ እንደሚስቅበት ያውቃል። ለስንት ጥማድ ስንት ዘር እንደሚበቃው በመዳፉ ያውቃል። የዳሞት፣ የቢቸና፣ የእነሴ ገበሬ ቁጥር አይፈራም። የሚፈራው ያልተነገረውን ቁጥር ነው። አይችልም የሚለው ቃል የሚያገለግለው በአንድ ጨረታ አንድ ዓይነት ከረጢት ገዝቶ ማከፋፈል የሚቀለውን ሰው ብቻ ነው። ለግዢ የሚመች ነገር ሁሉ ለአፈር ይመቻል ማለት አይደለም።

ከቅመማውም በፊት ግን ኖራ አለ፤ እዚህ ላይ ንዴቴ ይበረታል። ዩሪያ ራሱ አፈር ያኮመጥጣል። በአፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አሲድ ይለቃል፤ 100 ኪሎ ዩሪያ የሚያመጣውን ኮምጣጣነት ለመመለስ 80 ኪሎ ያህል ንጹሕ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ያስፈልጋል። ስንት ዓመት ዩሪያ ሰጠን? ስንት ኪሎ ኖራ መለስን? ደጀን የኖራ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ኖራ መፍጫም አላት። ከደጀን በቢቸና አድርጎ፣ ጉንደ ወይንን አቋርጦ ወደ ሞጣ የሚሄደው መንገድ ያው አንድ መንገድ ነው። ድንጋዩ በዞናችን፣ በምሥራቅ ጎጃም አለ፣ መፍጫው በዞናችን አለ፣ ኮምጣጣው አፈር በዞናችን አለ። ይህም ሆኖ ከሞሮኮ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመኪና ጉንደ ወይን የሚደርሰው ማዳበሪያ ከደጀኑ ኖራ ቀድሞ ይደርሳል።

ኖራ ከባድ ነው፣ ገበሬው አይፈልገውም ይባላል። ከባድ መሆኑ እውነት ነው። ለሄክታር 20 ኩንታል ቢያስፈልግ፣ በአህያ ግማሽ ግማሽ ኩንታል ሲጫን 40 ጭነት ነው። ለዚህ ነው መኪናው እስከ ቀበሌው መጋዘን መድረስ ያለበት፤ ለዚህ ነው ኖራው ከዘር በፊት አንድ ወር ቀድሞ፣ በበጋው፣ መንገዱ ደረቅ ሳለ መምጣት ያለበት። ሐምሌ ላይ ጭቃ ውስጥ የመጣ ኖራ ለሪፖርት ነው የመጣው። አቅም ለሌለው ገበሬ በመስመር ከዘሩ ጋር በጥቂቱ መጨመርም አለ፤ ኖራው በየዓመቱ በትንሽ በትንሹ ይመለሳል፣ ዘንድሮም እህል ይበላል። ኖራ ያገኘ መሬት ለዓመታት ያንን ውለታ አይረሳም፤ የተያዘው ፎስፌት ይፈታል፣ የሚቀጥለው ኩንታል ማዳበሪያ ከአተላ ይልቅ እህል ይሆናል።

ኖራ ያጣው ገበሬ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እያየን ነው። በጮቄ ወገብ ገብሱ እምቢ ሲል እንግዶ የሚባለውን የአጃ ዓይነት ዘራ፤ እንግዶ ኮምጣጣ ይችላል። በአዊ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተከለ፣ ከሰል አከሰለ። ሌላው ባሕር ዛፍ አቆመ። እኔ አልፈርድበትም፤ በገንዘቡ ሊደርስበት የሚችለው መፍትሔ ይህ ነው። ግን የጤፍና የገብስ አገር ወደ ከሰል አገር ሲለወጥ ዝም ብሎ ያየ ባለሥልጣን ምን ሊል እንደሚችል አላውቅም። ኩበቱም እንዲሁ ነው፤ በየደጃፋችን የሚነደው ኩበት ናይትሮጅን ነው፣ ፎስፌትና ፖታሺየም ነው፣ ከሁሉም በላይ አሉሚኒየምን የሚያስታግሥ የበሰበሰ ነገር ነው። ማገዶ ያጣች እናት ምን ታድርግ? ማገዶ የሚሆን ነገር ሳትሰጧት ኩበት አታንድጂ ብትሏት ስድብ ነው።

ማዳበሪያውን ከመጠን በላይ ብንሰጥስ የሚሉም አሉ። ከገንዳ አድናቂዎች መካከል ይህን መንገድ የሚከተሉ አሉ፤ ቶም ባር የሚባል አሜሪካዊ ያስፋፋው ዘዴ ሁሉንም ንጥረ ነገር አትረፍርፎ መስጠት ነው። ይሠራል። የሚሠራው ግን በየሳምንቱ የገንዳው ውሃ በግማሽ ስለሚቀየር ነው። የተረፈው ተጠርጎ ይወጣል። የጎንቻ ማሳ ውሃውን ማን ይቀይርለታል? ክረምቱ ነው የሚቀይረው፤ ይዞት የሚሄደውም አፈሩን ጭምር ነው፣ ወደ ዓባይ፣ ከዚያም ወደ ሕዳሴ ግድብ። በጣና ዙሪያ ካለው ማሳ የሚታጠበው ናይትሮጅንና ፎስፌት ሐይቁ ላይ እምቦጭን ይቀልባል። በብድር የገዛነው ማዳበሪያ አረም እያሰባ፣ አረሙን ለመንቀል ደግሞ ሕዝብ በዘመቻ ይወጣል።

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር የተፈረመው የጎዴ ዩሪያ ፋብሪካ ውል 2.5 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ያመርታል ተብሏል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የአማራ ገበሬ ማዳበሪያ አጥቶ እስከ ባሕር ዳር ድረስ ወጥቶ ሲጮኽ ያየ ሰው ይህን ውል ሊጠላ አይችልም፤ እኔም አልጠላውም። ግን ዩሪያ ናይትሮጅን ነው፣ ናይትሮጅን ብቻ። ፎስፌት የለበትም፣ ድኝ የለበትም፣ ኖራ የለበትም። ርካሽ ዩሪያ ኖራ ባልገባበት ቀይ አፈር ላይ ከጎረፈ ምሥራቅ ጎጃምን ከዛሬው የበለጠ ያኮመጥጠዋል። ለፋብሪካው የተመደበው ገንዘብ ጥላ ሥር ለአፈር ምርመራና ለኖራ ማመላለሻ የሚሆን ቁራሽ ካልተቀመጠ፣ ዕዳውን የሚከፍለው የገበሬው ልጅ ነው።

ለግብርና ሚኒስቴርና ለክልሉ ግብርና ቢሮ የምለው ይህ ነው። በየቀበሌው የገበሬ ማሰልጠኛ አንድ የፒኤች መለኪያና እሱን የሚይዝ የሠለጠነ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይኑር። የአፈር ምርመራው ውጤት በአማርኛ፣ በጥማድ ተሰልቶ፣ ለማሳው ባለቤት በእጁ ይሰጠው። ከረጢቱ ላይ በውስጡ ያለው በትልቁ በአማርኛ ይታተም። የኖራ በጀት ከማዳበሪያ በጀት ጋር በአንድ መስመር ይጻፍ፤ ኖራው እስከ መጋቢት መጨረሻ መጋዘን ይግባ። ኖራ ሳይደርስ ኮምጣጣ መሬት ላይ ፎስፌት በብድር ማደል ይቁም።

አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ማሳ ያላችሁ፣ ወይም አባታችሁ ማሳ ያለው፦ በዚህ በጋ ከማሳው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቦታ፣ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ እየዞራችሁ አፈር ቆፍሩ። ከአመድ ቦታ፣ ከበረት ዳር፣ ከዛፍ ሥር አትውሰዱ። በንጹሕ ዕቃ አደባልቁት፣ በጥላ አድርቁት፣ አንድ ኪሎ ያህል በላስቲክ አስራችሁ ስምና የማሳውን ቦታ ጽፋችሁበት ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤቱ ውሰዱ፣ ይመርመርልኝም በሉ። መሣሪያ የለንም ካሏችሁ ይህንኑ በጽሑፍ ስጡኝ በሉ። ውጤቱን ሳታዩ ለሚቀጥለው ዓመት የማዳበሪያ ብድር አትፈርሙ።